ለቆዳ የተሠራ ቅባት ፕላስቲክ ሲሰነጥቅ

ባለፈው የካቲት፣ የመንፈቁ ፈተና እንዳለቀ፣ ሰባት ሆነን ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ወርደን ሦስት ሌሊት አድረን ነበር። የምጽፈው ግን የሽርሽር ወሬ አይደለም። ከሰባታችን አንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመም ያለበት ተማሪ ነው። በወገቡ ላይ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ኢንሱሊን የምታስገባ ፓምፕ ይታጠቃል፤ በክንዱ ጀርባ ደግሞ የሰውነቱን ስኳር ቀንና ሌሊት የሚከታተል ትንሽ ሴንሰር ይለጥፋል። ሁለቱንም የምትልክለት ውጭ አገር የምትኖር እኅቱ ናት። እኛ ስለነዚህ ነገሮች የምናውቀው አልፎ አልፎ በክፍል ውስጥ ሲጮኹ መስማታችንን ብቻ ነበር።

እንደሚታወቀው በሐይቁ ዳር ፀሐዩ ብርቱ ነው። አንዲት ጓደኛችን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይዛ ስለ መጣች ጧት ጧት እየተቀባበልን እንቀባ ነበር። ሲመሽ ደግሞ ቢምቢው ይነሣል፤ የቢምቢ መከላከያውን በሚረጭ ቆርቆሮ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጓደኞቼን በሰልፍ አቁሜ፣ ፍሊት እንደሚነፋ ሰው፣ ተራ በተራ እረጫቸው ነበር። ያ ጓደኛችንም ሸሚዙን አውልቆ ሲቆም ከትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ ረጨሁት። ይህን በሦስቱም ምሽት አደረግሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ፓምፑ ጮኸ። ቁልፎቹን ቢጫን አልታዘዝ አሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑም ጠፋ። በባትሪ ብርሃን ስናገላብጠው በአንዱ ማዕዘኑና ከባትሪው መክደኛ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አየን፤ በነዚያ በኩል ውኃ ገብቶ ኖሯል። ጓደኛችን ጣቱን ወግቶ ደሙን ቢለካ ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኢንሱሊን ብልቃጥና መርፌ በሻንጣው ውስጥ ነበረው። ሲያስመልሰው አድሮ ሲነጋ ወደ ሐኪም ወሰድነውና በማግስቱ ተሻለው። ፓምፑ ግን እስከ ዛሬ አልነቃም።

ሠሪውን ፋብሪካ ልወቅስ አልችልም። ከዚያ ከተመለስን በኋላ የመሣሪያውን መመሪያ መጽሐፍ አውጥተን ብናይ ማስጠንቀቂያው በግልጽ ተጽፎ አገኘነው። “ምነው አስቀድመህ ሳትነግረኝ?” ብለው፣ “አንተ የስልክህን መመሪያ አንብበህ ታውቃለህ?” ሲል መለሰልኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍም ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኢንሱሊን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በ1921 እ.ኤ.አ. ከመገኘቱ በፊት ይህ ዓይነት የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ ዕድሜው በጥቂት ወራት ወይም በጥቂት ዓመታት የሚቈጠር ነበር። ቆሽቱ ኢንሱሊን አይሠራምና ከውጭ ማግኘት አለበት። በመርፌ የሚወጋ ሰው ቀኑን ሙሉ በቀስታ የሚሠራውን ዓይነት ኢንሱሊን ጭምር ይወስዳል። ፓምፕ የሚታጠቅ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ፈጣኑን ዓይነት ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ጠብታ ጠብታ ያስገባለታል። ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም በሰውነቱ ውስጥ የተቀመጠ ስንቅ የለውም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስኳሩ ይወጣል፤ ሰውነቱ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ደሙም ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ማስመለስ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ድካም፣ ካልታከመም ራስን መሳትና ሞት ይከተላል። በወገብ ላይ ያለች የፕላስቲክ ቅርፊት ተሰነጠቀች ማለት እንግዲህ የሰዓት መስተዋት ተሰነጠቀ እንደ ማለት አይደለም።

ፈረንጆች ይህን ምክር የሚጽፉት ለበጋቸው ነው። የነሱ በጋ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በዚያን ጊዜ እኛ ጋቢና ጃንጥላ እንፈልጋለን። ስለዚህ መመሪያቸውን የሚያነብ የኛ ሰው ወሮቹን ገልብጦ ማንበብ አለበት፤ የኛ ፀሐይ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ደግሞም ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቍጥር የፀሐይዋ አልትራ ቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐዩ የለዘበ የሚመስለው ሁሉ ተታልሏል። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ ይቋቋማል እንጂ ጨርሶ አይቃጠልም ማለት አይደለም፤ የኔ አፍንጫ በላንጋኖ ተልጣ ተመልሳለች። እንዲሁም ለማድያት ወይም ለሌላ የቆዳ ሕመም ሐኪም ቅባቱን ያዘዘላቸው ተማሪዎች በመካከላችን አሉ። ቆዳቸው ቀለም ሳይኖረው የተወለዱ ወንድሞችና እኅቶችም ያለዚህ ቅባት ከቤት መውጣት አይገባቸውም። ስለዚህ “ቅባቱን ተዉት” ብሎ መምከር ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ፕላስቲክ የምንለው ነገር እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎች እንደ ክር እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው የተያዙበት ነው። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንደሚባለው፣ አንዱ ክር ለብቻው ደካማ ቢሆንም መጠላለፉ ነው ጥንካሬ የሚሰጠው። ፖሊካርቦኔትና ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባሉት፣ የብዙ የእጅ መሣሪያዎች ቅርፊት የሚሠራባቸው የፕላስቲክ ዓይነቶች፣ ክሮቻቸው ሥርዓት ይዘው አልተደረደሩም፤ እንደ ተዘበራረቀ ድውር ናቸው። ስለዚህ በመካከላቸው ብዙ ሥውር ክፍተት አለ።

በሌላ ወገን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥ ያሉት ጨረርን የሚውጡ ቅመሞች፣ ለምሳሌ አቮቤንዞን፣ ኦክቶክራይሊንና ኦክሲቤንዞን የሚባሉት፣ ትናንሽና ዘይት ወዳድ ሞለኪውሎች ናቸው። የቢምቢ መከላከያው ዋና ቅመም ዲት ይባላል፤ በ1946 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ቢምቢን በማባረር ረገድ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የመነጽር ፍሬምና የሰዓት መስተዋት የሚያበላሽ፣ የጥፍር ቀለም የሚያሟሟ መሆኑ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። እነዚህ ሞለኪውሎች ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፉ በክሮቹ መካከል እየሰረጉ ይገባሉ፤ አንዱን ክር ከሌላው ያላቅቁታል።

መላቀቁ ብቻውን ግን አይሰነጥቅም። የመሣሪያ ቅርፊት በፋብሪካ ቀልጦ በቅርጽ ሲፈስና ቶሎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የታመቀ ውጥረት ይቀራል። በብሎን የታሰረበት፣ ማዕዘኑ የታጠፈበት፣ መክደኛው የሚጠብቅበት ቦታ ደግሞ ዘወትር እንደ ተወጠረ ነው የሚኖር። ክሮቹ ሲላሉ ይህ ውጥረት መውጫ ያገኛል፤ ፕላስቲኩም በዚያ በኩል ይተረተራል። የጓደኛችን ፓምፕ በማዕዘኑና በባትሪው መክደኛ አጠገብ የተሰነጠቀው በአጋጣሚ አይደለም። የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ነገር በቁሳቁስ ትምህርታቸው ያውቁታል፤ ውጥረትና ባዕድ ፈሳሽ ተባብረው የሚያመጡት ስንጥቅ ነው። ክፋቱ ደግሞ ድምፅ የለውም፣ ቀለም አይለውጥም፣ መጀመሪያ ላይ በዓይን አይታይም። መሣሪያው ውኃ አያስገባም ተብሎ የተመሰከረለትም ቅርፊቱ ደኅና በሆነ ጊዜ ነው፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ያ ምስክርነት የለም።

እኔም ነገሩን በመጽሐፍ ብቻ ማመን አልበቃኝምና በመኝታ ክፍላችን አነስተኛ ሙከራ አደረግሁ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር አራት ርካሽ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ የፕላስቲክ ማስመሪያዎች ገዛሁ። ሦስቱን በመጻሕፍት መካከል እንደ ቀስት ለጥጬ አስቀመጥኳቸው፤ አራተኛውን ሳላጎብጠው ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ከተለጠጡት አንዱን የቢምቢ መከላከያ፣ ሁለተኛውን የፀሐይ ቅባት ቀባሁ፤ ሦስተኛውን እንዲሁ ተውኩት። ያልተለጠጠውንም የቢምቢ መከላከያ ቀባሁት። በማግስቱ ጧት የቢምቢ መከላከያ የተቀባውና የተለጠጠው ለሁለት ተሰብሮ ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘሁት። የፀሐይ ቅባት የነካው አልተሰበረም፤ ነገር ግን በቆልማማው ላይ አቋርጠው የሚሄዱ ነጫጭ ቀጫጭን መስመሮች ወጥተውበታል፤ ጥቂት ብጫነው ቀጭ አለ። ምንም ያልተቀባው ተለጥጦ ደኅና አደረ። ሳይለጠጥ የተቀባው ደግሞ ፊቱ ደብዝዞ የጣቴን አሻራ ያዘ እንጂ አልተሰነጠቀም። የውኃ ጠርሙስ ክዳን ጨምሬ ቀብቼ ነበር፤ እሱን ምንም አልነካውም፤ የክዳኑ ፕላስቲክ ሌላ ዓይነት ነውና።

ማስመሪያ ፓምፕ አይደለም፤ የአንድ ሌሊት ሙከራም ምርምር አይባልም። የክፍል ጓደኛዬም በሽታው ራሴን አመመኝ ብሎ አባርሮኛል። ቢሆንም ውጥረትና ቅባት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማንም የሚጠራጠር ሰው በጥቂት ብር ሊያየው ይችላል።

የመሣሪያዎቹ ሠሪዎችም ይህን አልደበቁም። ለምሳሌ የዴክስኮም ጂ6 ሴንሰር መመሪያ አንዳንድ የቆዳ ቅባቶች፣ እንደ ፀሐይ መከላከያና እንደ ተባይ ማባረሪያ ያሉት፣ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቁ እንደሚችሉ ይናገራል፤ ቅባት ከነካችሁ በኋላ መሣሪያውን ሳትነኩ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከነካውም ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት ይላል። ኦምኒፖድ የሚባለው፣ ቱቦ ሳይኖረው በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓምፕ፣ መመሪያውም የፀሐይ ቅባት፣ ዲት ያለበት የተባይ መከላከያና ማናቸውም የሚረጭ ነገር እንዳይነካው ያስጠነቅቃል። የሌሎችንም ብታነቡ ተመሳሳይ ቃል ታገኛላችሁ፤ ጽሑፉ ግን ደቃቅ ነው፣ ቦታውም ሰው የማያነበው ገጽ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው የእጅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ቅባት ቀጥታ በመሣሪያው ላይ አይቀባም፤ ቆዳውን ከቀባ በኋላ በዚያው በዘይታም ጣቱ ቁልፍ ይጫናል። ጓደኛችን ጧት ጧት ያደርገው የነበረውም ይህንን ነው። ስለዚህ ቅባት፣ ከዚያ ሳሙናና ውኃ፣ ከዚያ መሣሪያ። ውኃ ራቅ ያለ እንደ ሆነ በመዳፍ ሳይሆን በጨርቅ ወይም በሶፍት መቀባት ይቻላል። ጣትን ወግቶ ለመለካትም ቢሆን እጅ መታጠብ ግዴታ ነው፤ ብርቱካን ወይም ማንጎ የላጠ ጣት ያልታጠበ እንደ ሆነ የፍሬው ስኳር ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ የሐሰት ቍጥር ያስነብባል።

የሚረጨውን ዓይነት ግን፣ የኔን ምክር ከተቀበላችሁ፣ ጨርሶ ተዉት። የሚረጭ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ነፋሱ ነው የሚያውቀው። ሌላ ከሌለም ፓምፑን በፎጣ ሸፍኖ፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ በመጀመሪያ በመዳፍ ላይ ረጭቶ በእጅ መቀባት ይሻላል። ሴንሰሩ በተለጠፈበት አካባቢ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ሳይቀቡ መተው ያስፈልጋል፤ ያ ቦታ እንዳይቃጠል ደግሞ ሸሚዝ አለ። በእውነት ለመናገር፣ ከመደብር ቅባት ሁሉ የሚበልጠው እጅጌው ረጅም ሸሚዝና ነጠላ ነው። ነጠላ ፕላስቲክ አይሰነጥቅም፤ ከቀትር በፊትና በኋላ ባለው ብርቱ ፀሐይ ከዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥም እንዲሁ።

“ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበትን ቅባት ብጠቀምስ?” የሚል ይኖራል። እነዚህ ማዕድኖች ራሳቸው ዱቄት እንጂ ፕላስቲክ የሚያላቅቁ ፈሳሾች አይደሉም፤ ስለዚህ በዚህ በኩል የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ዱቄቱ የተለወሰበት ዘይት አለ፤ አንዳንዱም ቅባት ከማዕድኑ ጋር ያንኑ አቮቤንዞን ይጨምራል። የላዩን ጽሑፍ ማንበብ ነው፤ አንብቦም ቢሆን ከመሣሪያው ማራቅ ነው።

ሌላ ደግሞ የኛን ቤት የሚመለከት ነገር አለ። ሴንሰሩ በቆዳ ላይ የሚቆየው በማጣበቂያ ነው፤ ማጣበቂያ ደግሞ የቅባት ጠላት ነው። ፀጉራቸውን ቅቤ የተቀቡ ልጃገረዶች፣ ከገላ መታጠቢያ ሲወጡ ክንዳቸውን ቫዝሊን የሚቀቡም ሁሉ፣ አሥርና አሥራ አራት ቀን ይቆያል የተባለው ሴንሰር በሦስተኛው ቀን ሲላቀቅባቸው ፋብሪካውን ይረግማሉ። ሴንሰር የሚለጠፍበት ቦታ በሳሙና ታጥቦ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ቅባቱ ከተለጠፈ በኋላ በዙሪያው ይሁን።

መሣሪያው በድንገት ቅባት ከነካው በጥቂት ውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ፣ ቢያስፈልግ በቀላል ሳሙና፣ ወዲያው መጥረግ ነው። አንድ ሰው ጓደኛችንን በቤንዚን እንዲጠርገው መክሮት ነበር፤ አሴቶንም የሚል አይጠፋም። ይህ እሳትን በጋዝ ለማጥፋት እንደ መሞከር ነው፤ ሁለቱም ፕላስቲክ ያሟሟሉ። ከዚያም መሣሪያውን በብርሃን ፊት አዘንብሎ ማዕዘኖቹን፣ የባትሪውን መክደኛና የቁልፎቹን ዙሪያ መመርመር ይገባል። ስንጥቅ ከታየ ውኃ ውስጥ መግባት ይቅር፤ በፕላስተር ወይም በማጣበቂያ ጠግኖ መታመን አይገባም፤ ለሠሪው ወይም ለላከው ዘመድ ማሳወቅ፣ እስከዚያውም ጣት እየወጉ መለካትና መርፌ ማዘጋጀት ነው። ምን ያህል መወጋት እንዳለበት ግን ሐኪሙ አስቀድሞ በወረቀት የጻፈለት ይሁን እንጂ በሌሊት ከጓደኛ ጋር ተማክሮ የሚወሰን ነገር አይደለም። እኛ በዚያች ሌሊት ሰባት የኮሌጅ ተማሪዎች ሆነን የማካፈል ሒሳብ ላይ ስንከራከር ነበርና አውቀዋለሁ።

በሐይቅ ዳር ከቅባቱ ሌላ ሙቀቱም አለ። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ሲጋል ይበላሻል፤ ከበረዶ ጋር ተያይዞ ቢረጋም ይበላሻል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ የተከፈተው ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ለመዋኘት የተፈታ ፓምፕ በአሸዋ ላይ ወይም በመኪና መስኮት ሥር ከተተወ በውስጡ ያለው ኢንሱሊን ይቀቀላል። እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት የሸክላ ማሰሮ በጥላ ሥር ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው፤ ፓምፑ ግን እርጥቡን እንዳይነካ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይህ ጓደኛችን ለሁለት ዓመት ያህል ፓምፑን ከሸሚዙ በታች ደብቆ ነበር የሚሄደው። አንዳንዱ ስልክ፣ አንዳንዱ የሬዲዮ መሣሪያ ይመስለው ነበር፤ በፈተና ጊዜም አንድ ተቆጣጣሪ አስወልቆ ሊወስድበት ሞክሮ ያውቃል። ስለዚህ መደበቁ አያስደንቅም። ነገር ግን የተደበቀን ነገር ጓደኛ ሊጠነቀቅለት አይችልም። እኔ ያን ቆርቆሮ በእጄ ይዤ ስቆም በወገቡ ላይ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ባውቅ ኖሮ “ሸሚዝህን ልበስ” እለው ነበር። እሱም ቢሆን ቅባቱን ከመከልከል ይልቅ “ግድ የለም፣ ርጨኝ” ማለቱ ከኛ ላለመለየት ነው።

አዲሱ ፓምፕ ገና አልደረሰም፤ እኅቱ ለፋሲካ በሚመጣ ሰው እጅ እልካለሁ ብላለች። እስከዚያው በቀን አራት ጊዜ ይወጋል። ለግንቦት ዕረፍት ወደ አርባ ምንጭ ለመሄድ አስበናል፤ የመርፌውና የብልቃጡ መያዣ እሱ ጋ አንድ፣ እኔ ጋ አንድ እንዲሆን ተስማምተናል። የቢምቢ መከላከያም በሚቀባ ቱቦ ገዝተናል፤ ከዚያ በፊት ግን አጎበር።